ከጾሙ በኋላ የጠፋው ቀጭን ድምፅ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም፤ ሰው አልታሰረበትም። በከተማችን በእነዚህ ዓመታት በየቤቱ የደረሰውን የሚያውቅ አንባቢ፣ «ስለ አንድ ክፍልና ስለ ሁለት የእንጨት ሳጥን ልታወሪን ነው እንዴ?» ቢለኝ እውነቱን ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ቀድጃለሁ። ነገር ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ልጽፍ ስቀመጥም ይኸው ይመጣብኛል። ስለዚህ ሳልጨምር፣ በተለይም ሳላሳምር፣ በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ቤታችን ቃሓውታ በሚባለው ሰፈር ነው። አባቴ ከዋናው ጎዳና ዝቅ ብሎ በሚገኝ የአንድ ጣሊያናዊ የሬዲዮ መጠገኛ ውስጥ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሠርተዋል። የሲኒማ ቤቶችንና የቡና ቤቶችን አምፕሊፋየር የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። አምፕሊፋየር ማለት ከሸክላው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ አጠንክሮ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልክ ዕቃ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች የጠገኑትን በመለኪያ ይፈትሹ ነበር። አባቴ ግን በቃላቸው የሚያውቁትን አንድ የዳንስ ሸክላ ያስቀምጡና፣ ለዕቃው ጀርባቸውን ሰጥተው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። «እሺ» ካሉ ዕቃው ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ራሳቸውን ከነቀነቁ እንደገና ይፈታል። የመጠገኛው ጌታ ከመለኪያው ይልቅ ያንን ጆሮ ያምን ነበር። እንጀራችን የሚመጣው ከዚያ ጆሮ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

እቤትም የማዳመጫ ክፍል ነበረን። ሌላ ቤተሰብ ቢሆን እንግዳ መቀበያ የሚያደርገው ክፍል ነው። አባቴ ግን ከወንበሮቹ በስተቀር ሁሉን አስወጥተው፣ ግድግዳው ላይ ወፍራም ምንጣፍ ሰቅለው፣ ፊት ለፊት ሁለት ሳጥኖች አቁመውበታል። ሳጥኖቹን የሠሩት ከአሮጌ የልብስ አርማድዮ በሮች ነው። ውስጣቸውን እናቴ አጥባ ባደረቀችው የበግ ፀጉር ሞልተውታል። ድምፅ የሚያወጡት የወረቀት ማጉያዎች ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የመጡ ናቸው። አምፕሊፋየሩንም ራሳቸው የገጠሙት ሲሆን፣ ሲሞቅ እንደ ከሰል ቀስ ብለው የሚቀሉ፣ ቫልቮላ የሚባሉ ስድስት የመስታወት አምፖሎች ነበሩት። ኃይሉ ትንሽ ነበር፤ ሳጥኖቹ ግን በትንሽ ኃይል የሚናገሩ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ነበር። አባቴ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የተጻፉትን አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት የሚሉትን የኦም ቁጥሮች እያሳዩ፣ የትኛው ማጉያ ከየትኛው መውጫ ጋር እንደሚያያዝ ያስተማሩኝ ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ጎረቤታችን የሆኑት ልብስ ሰፊ ይመጣሉ። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ወዲህ ማምሸት ስለቀረ፣ ሙዚቃው ሁሉ በዚያች ከሰዓት በኋላ ይሰማ ነበር። ልብስ ሰፊው ስለ ኦምና ስለ ቫልቮላ ምንም አያውቁም። «ኮቱና ሱሪው ከአንድ ጨርቅ ነው፤ በቃ፣ አትንካው» ይሉ ነበር፣ አባቴ ካቻቢቴ ባነሡ ቁጥር።

የእኔ ሥራ መስማት ነበር። አባቴ ሸክላው መሐል ላይ ሳለ ድንገት ዞር ብለው፣ «አሁን ምን ገባ?» ይሉኛል። «ክላሪኔት፣ አቦይ።» «ከዚያስ ቀጥሎ?» «ከበሮው የሚዳበስበት የሽቦ መጥረጊያ።» ያን ጊዜ ለጓደኛቸው፣ «አየህ፣ ጆሮዬን የወረሰችው ይህች ናት» ይላሉ። በትምህርት ቤት ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ይህ ይበልጥብኝ ነበር። ይህንን ቀድሜ የምናገረው በኋላ ላደረግሁት ነገር ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም። ምክንያት አይሆነኝም።

በዐቢይ ጾም በቤታችን ሙዚቃ አይከፈትም፤ በመጠገኛውም አባቴ እስከ ፋሲካ ሸክላ ስለማያስቀምጡ የተጠገነው ሁሉ በመለኪያ ብቻ ይፈተሻል። እናቴ በጾሙ መግቢያ ሳጥኖቹን በነጭ ጨርቅ ትሸፍናለች፤ እስከ ፋሲካ ማንም አይነካቸውም። የዛሬ ዓመት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እንደ ልማዱ ሃምሳ አምስት ቀን ተሸፍነው ቆዩ። የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ተነሣ፤ ቫልቮላዎቹ ሞቁ፤ አባቴ ያንኑ የሚያውቁትን ሸክላ አስቀመጡ። ሁላችንም ጠግበን ወንበሮቹ ላይ ተቀመጥን።

ገና ሁለተኛው ዜማ ሳያልቅ አባቴ ተነሡና ወደ ቀኙ ሳጥን ተጠጉ። ከዚያ ወደ ግራው።

«ቀጭኑ ድምፅ የለም» አሉ።

«የትኛው ቀጭን?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«የከበሮው የነሐስ ሳህን። የሽቦው መጥረጊያ። ጠፍቷል።»

«እኔ እሰማዋለሁ። የጠፋ ነገር ካለ ከእኔ ጆሮ አይደለም።»

«አንተ የምትሰማው የስፌት መኪናህን ነው።»

ልብስ ሰፊው ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩና፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ የአንቺ ጆሮ ንጹሕ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

የሽቦው መጥረጊያ በነሐሱ ላይ ሲያልፍ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። በዚያች ደቂቃ እንኳ እየተሰማኝ ነበር። ነገር ግን የአባቴ ፊት ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር አየሁ፤ እኔ «እሰማለሁ» ብል ብቻቸውን እንደሚቀሩ ገባኝ።

«አዎ አቦይ፣ ቀንሷል» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «አልኩህ እኮ» አሉ ለጓደኛቸው። ልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ አዩኝና ሻሂያቸውን አነሡ።

አባቴ ነገሩን ለራሳቸው እንዲህ አስረዱ፦ ማጉያው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ሃምሳ አምስት ቀን ሳይንቀጠቀጥ ከቆየ ይደርቃል፣ ይደነድናል፣ ቀጭኑን ድምፅ መሸከም ያቅተዋል። ጆሯቸው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ቀስ እያለ እንደ ተዘጋ፣ ሸክላ ስላልተከፈተም ሳያውቁት እንደ ቀረ፣ ማናችንም አላሰብንም። ጾሙ ባይኖር ኖሮ በየሳምንቱ ትንሽ በትንሽ ሲቀንስ ያስተውሉት ነበር ብዬ ዛሬ አስባለሁ። እናቴ ይህን የወረቀት ታሪክ ስትሰማ፣ «እንግዲህ ጥፋተኛው ጾሙ ነዋ» ብላ ወደ ማእድ ቤት ገባች።

መጀመሪያ ቫልቮላዎቹ ተለወጡ። ከዚያ ወረቀቶቹ። እያንዳንዱን ለውጥ ከጨረሱ በኋላ ያስቀምጡኝና «አሁንስ?» ይሉኛል። እኔም አንድ ዘዴ አበጀሁ። ወዲያው አልመልስም፤ ዐይኔን ጨፍኜ የማዳምጥ እመስላለሁ፤ ከዚያ እከፍትና ፊታቸውን አያለሁ። ግንባራቸው ከተቋጠረ «ትንሽ ይቀራል» እላለሁ። ከተፈታ «ደኅና ነው» እላለሁ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። አባቴም፣ «ልክ እኔ እንደሰማሁት» ይላሉ።

በግንቦት ወር እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች እንዲህ አለችኝ፦ «ትናንት ልብስ ሰፊው በሩን ሲያንኳኩ አባትሽ ከበሩ ሥር ቆሞ ነበር። አልሰማም።»

«ታዲያ እንንገራቸዋ» አልኩ።

«ምን ብለሽ? እንጀራው ጆሮው ነው። ዛሬ እቤት ከተባለ ነገ መጠገኛው ውስጥ ይሰማል፤ ነገ ሌላ ሰው በሩ ላይ ይቆማል። ለወንድሜ እንኳ አልነገርኩም። ዝም በይ።»

ዝም አልኩ። ሆኖም በእሷ ዝምታና በእኔ መካከል ልዩነት አለ። እናቴ ዝም አለች እንጂ «ቀንሷል» ብላ አታውቅም። እሷ ሸሸገች፤ እኔ መሰከርኩ።

ክረምቱ ሲገባ፣ ጊዜያቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ አንድ አሜሪካዊ ወታደርና ሚስቱ ዕቃ ሊለዋወጡ መጡ። አባቴ ቀድሞ የሸክላ ማጫወቻቸውን ጠግነውላቸው ነበር። ያመጡት ቫልቮላ የሌለው አዲስ ዓይነት አምፕሊፋየርና በላያቸው ላይ የብረት ጡሩምባ ያለባቸው ሁለት ግራጫ ሳጥኖች ናቸው። የፈለጉት የእንጨት ሳጥኖቹን ነበር። ሴትዮዋ በእጇ የአርማድዮውን እንጨት እየዳበሰች የአበባ ማስቀመጫ እንደምታደርጋቸው ነገረችን። አባቴ ወደ እኔ አዩ። «ጡሩምባው ቀጭኑን ድምፅ ይመልሰዋል፤ አይደለም?» አሉ።

«ይመልሰዋል፣ አቦይ» አልኩ።

የእንጨት ሳጥኖቹ በዚያው ቀን በጭነት መኪና ተወሰዱ።

የአሜሪካው ዕቃ የሚሠራው በሌላ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ፣ ኃይሉን የሚቀንስ አንድ ከባድ ትራንስፎርማቶሬ ወንበር ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርም ነበር። ዋናው ችግር ግን ጡሩምባው ነው። ጡሩምባ ከሥሩ ካለው ወረቀት እጅግ ይበረታል፤ ስለዚህ በሽቦው መሐል ኃይሉን የሚገታ ትንሽ ሬዚስቴንሳ ይበየዳል፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው እሑድ ትልቁን ሬዚስቴንሳ በየዱና ጠየቁኝ። ግንባራቸው ተቋጥሮ ነበር። «ትንሽ ይቀራል።» በሁለተኛው እሑድ በትንሹ ለወጡት። «አሁንስ?» «ትንሽ ይቀራል።» በሦስተኛው እሑድ አወጡትና ሽቦውን በባዶው አገናኙት።

ድምፁ ጥርስ ላይ የሚወጣ ነበር። እያንዳንዱ የነሐስ ምት በግንባሬ ውስጥ እንደ መርፌ ያልፋል። አባቴ ከፋሲካ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«ማኤስትሮ፣ የጥርስ ሐኪሙ ቤት እንኳ እንዲህ አይጮኽም» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ጆሯቸው እየሳቡ።

«ቀድሞ ትሰማ ስላልነበረ ነው። አሁን ገና መስማት ጀመርክ።»

«መስማቱንስ ሰማሁ። ማቆም ነው ያቃተኝ።»

«ልጅቱን ጠይቃት።»

ልብስ ሰፊው ግን አልጠየቁኝም። ሁለት እሑድ ጥጥ በጆሯቸው ከትተው መጡ፤ በሦስተኛው እሑድ ሥራ በዝቷል ብለው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ፌርማታው ላይ ሲያገኙኝ፣ «አባትሽን ሰላም በይ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። አባቴ እሑድ እሑድ አንድ ተጨማሪ ወንበር እየሳቡ ይጠብቁ ነበር። ልብስ ሰፊው ለምን እንደ ቀሩ አውቃለሁ፤ አንዲት ቃል ብናገር ይመለሱ ነበር። አልተናገርኩም። በዚያ ጊዜ ያቺን ቃል መናገር ቀድሞ የተናገርኳቸውን ሁሉ ማፍረስ ነበርና።

በመስከረም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በዚያው ሰሞን አባቴ የአንድ ሲኒማ ቤት አምፕሊፋየር ጠግነው፣ በልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው «እሺ» አሉ። ፊልሙ ሲጀመር ተመልካቹ ጆሮውን ይዞ ወጣ ተባለ። የመጠገኛው ጌታ ራሱ ሄዶ አስተካከለው። ከዚያም አባቴን ጠርቶ ምን እንደ ሆኑ ጠየቃቸው። አባቴ የመለሱትን በኋላ ሰማሁ፦ «ስሕተት የለበትም። እኔ የምሰማውን ልጄም ትሰማዋለች። ፊዚክስ ትማራለች። ካላመኑኝ እሷን ይጠይቋት።»

ማታ እራት ላይ፣ «ነገ ከትምህርት በኋላ ወደ መጠገኛው ነይ፤ ጌታው ጆሮሽን ፈልጎታል» አሉኝ። ይህን ሲሉ ኮርተው ነበር። እናቴ ሳህኑን ይዛ ተነሣች።

በማግስቱ ስደርስ ሠራተኞቹ ወጥተዋል። ጌታው ሸምገል ያለ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ የሚመታ ሰው ነው። አባቴን «አንተ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን «እርስዎ» ይሉታል። ጣሊያንኛዬ ጥሩ ባይሆንም የተባለው ሁሉ አጭር ስለነበር ገባኝ። ጠረጴዛው ላይ አምፕሊፋየርና አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ ማጉያ ያለው ሳጥን ተዘጋጅቷል። ትንሹ የቀጭኑ ድምፅ ነው። ሸክላው ተጀመረ።

አባቴ እኔን ፊት ለፊት እያዩ ቆሙ።

«እንደ ድሮው፣ ማኤስትሮ» አለ ጌታው። «ወደ በሩ ዙር።»

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። ከፋሲካ ወዲህ አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲያዳምጡ አይቻቸው አላውቅም። ሁልጊዜ ፊቴን እያዩ ነበር። እኔ ግንባራቸውን ሳነብ እሳቸውም የእኔን ያነቡ ነበር። ያን ሁሉ ወራት በዚያ ክፍል ውስጥ ሙዚቃውን የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ዞሩ። ጌታው በሁለት ጣቱ የትንሹን ማጉያ ሽቦ ነቀለና፣ ሌላውን እጁን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አየኝ። ድምፁ ብርድ ልብስ የተጣለበት ያህል ታፈነ።

«እንዴት ነው?»

አባቴ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። «እንደ ፊቱ ነው። ምንም አልተለወጠም።» ቀጥለውም ሳይዞሩ፣ በትግርኛ፣ «ጓለይ፣ አንቺስ?» አሉ።

ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። የማየው የኮታቸውን ጀርባ ነበር፤ ለዚያ ቀን ብለው ያስተኮሱት ኮት ነው። ጌታው ሽቦውን እንደ ያዘ ይጠብቃል። ሁሉ ነገር አስቀድሞ ታውቋል፤ የምደብቀው አንድም ነገር አልቀረም። እውነቱን ብናገር የምጎዳው ራሴን ብቻ ነበር። አባቴ ቢያንስ ከእኔ አፍ ይሰሙት ነበር።

«እንደ ፊቱ ነው፣ አቦይ» አልኩ።

ጌታው መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሣ። «ዙር» አላቸው፤ የተነቀለውንም ሽቦ አሳያቸው። አባቴ ሽቦውን ለአንድ አፍታ፣ እኔን ግን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«የአንተስ ዕድሜ ነው» አለ ጌታው። «የእሷ ምንድን ነው?»

አባቴ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ፣ ስለማይሰማቸው ሳይሆን ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ጠየቁኝ።

«የፋሲካ ዕለት የሽቦው መጥረጊያ ይሰማሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ጥርት ብሎ?»

«ጥርት ብሎ፣ አቦይ።»

«የእንጨት ሳጥኖቹ እንግዲህ ምንም አልሆኑም ነበር።»

«ምንም አልሆኑም ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ዕለቱን ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ፣ «ጆሮዬን አታድኝውም ነበር። ግን የቀረኝን ጊዜ በሳጥኖቼ እሰማበት ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ገና አለኝ እኮ። እነዚያ ሳጥኖች ወፍራሙን እንዴት እንደሚያወጡት ታውቂያለሽ።»  የአሜሪካውን ዕቃ ከዚያ ቀን በኋላ አልከፈቱትም፤ ምን እንደምሰማም ጠይቀውኝ አያውቁም።

ጌታው አላባረራቸውም። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሽቦ እንዲበይዱ አደረገ፤ በሩ ላይ የሚቆመው ሌላ ሰው ሆነ። የሥራው ለውጥ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር፤ ደብዳቤው እንደ ደንቡ በአማርኛ ተጻፈ። አባቴ ጣሊያንኛ ያነባሉ፣ ትግርኛ ያነባሉ፤ አማርኛ ግን ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን አያውቁም፤ ይህንን እኔ አሁን የምጽፈውንም አንብበው ሊረዱት አይችሉም። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከትተው መጡና እራት በላን። «ላንብብልዎት?» አልኳቸው።

«ግድ የለም» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት ቀርቼ ተከተልኳቸው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መጻፍ ለማያውቅ ሰው ማመልከቻ ከሚጽፉት ጸሐፊዎች አንዱ ዘንድ ሄደው ቆሙ። ወረቀቱን ሰጡት። ሰውየው ጮክ ብሎ እያነበበ ወደ ትግርኛ ይመልስላቸው ጀመር፤ እሳቸውም የተሻለውን ጆሯቸውን አስጠግተው፣ «ይህን ድገመው፣ ሳትዘል» ይሉት ነበር። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አስደገሙት። ከዚያ ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ። ከፊርማቸው ሥር ያለው ቀን ጥቅምት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው።